ቫይረስ ከአንዱ የድመት ወገን ወደ ሌላው የሚሻገርበት መንገድ
ለአርጆና ለደዴሳ ሸለቆ የልማት ሠራተኞችና የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መነሻ

በአርጆ አካባቢ በአንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር የእህል መጋዘን ውስጥ አይጥ እንዲከላከሉ ስድስት ድመቶች ይኖሩ ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል በአሥር ቀን ውስጥ አራቱ ሞቱ። ከመሞታቸው በፊት ያስመልሳቸውና ያስቀምጣቸው ነበር፤ ከውኃ ሣህኑ አጠገብ አቀርቅረው ይተኛሉ፣ ነገር ግን አይጠጡም። የመጋዘኑ ሰዎች «የአይጥ መርዝ በልተው ነው» አሉ። የመጋዘኑ ጠባቂና መርዝ ያስቀመጠው ሠራተኛ በዚሁ ምክንያት ተጣሉ። እኔም የሰብል ባለሙያ እንጂ የእንስሳት ሐኪም ስላልሆንሁ የእነርሱን ቃል ተቀበልሁ። የሞቱት ድመቶች ከአጥሩ ማዶ ወዳለው ገደል ተጣሉ። በዚያ ዓመት በመጋዘኑ ውስጥ የነበረውን በቆሎ አይጥ እንደልቡ በላው።

ነገሩን ቆይቼ ለአንድ የእንስሳት ጤና ቴክኒሺያን ሳጫውተው ሁለት ነገር ጠየቀኝ። «ቀድመው የሞቱት ግልገሎቹ ናቸው ወይስ ትልልቆቹ? ከውኃው አጠገብ ይተኙ ነበር?» አለኝ። የሞቱት አራቱም ያልጠኑ ነበሩ፤ የተረፉት ሁለቱ አሮጌዎች ናቸው። መርዝ ዕድሜ አይመርጥም። ቴክኒሺያኑ የጠረጠረው የድመት ፓርቮ ቫይረስ የተባለውን በሽታ ነበር። ናሙና ስላልተወሰደ ነገሩ ሳይረጋገጥ ቀርቷል። እኔን ግን ከዚያ ወዲህ ያሳሰበኝ ሌላ ጥያቄ ነው። ድመቶቹ በተጣሉበት ገደል ሌሊት ሌሊት የሚመላለሰው ማን ነው?

በአካባቢያችን ያሉት የድመት ወገኖች

አርጆ ከነቀምቴ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ በኩል የሚገኝ ደጋማ አገር ነው። ከደጋው ቁልቁል ሲወረድ ከደዴሳ ሸለቆ ይደረሳል። ደጋው በጤፍ፣ በገብስና በኑግ፣ ወይና ደጋው በበቆሎና በቡና፣ ሸለቆው ደግሞ በሣር፣ በቁጥቋጦና ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በስኳር ፋብሪካው የሸንኮራ አገዳ የተሸፈነ ነው። ከላይ እስከ ታች ድረስ የድመት ወገኖች አይጠፉም።

ሁሉም የሚያውቀው ነብር ነው፤ በኦሮምኛ ቄረንሳ ይባላል። ዝንጀሮና ከርከሮ ያድናል፤ ከሰው መንደር ሲጠጋ ግን ከምንም በላይ የሚወደው ውሻ ነው። ይህን እናስታውስ፤ ኋላ እንመለስበታለን። ሁለተኛው አነር ነው። ጆሮው ትልቅ፣ እግሩ ረጅም፣ ገላው ነጠብጣብ ሲሆን በሣር መካከል ቆሞ የአይጥ ኮሽታ የሚያዳምጥ ነው። ገበሬው ዶሮ ይወስድብኛል ብሎ ይገድለዋል፤ ቆዳውም ዋጋ አለው። እንደ ሰብል ባለሙያ የምናገረው ቢኖር የአነር ዋና ምግብ አይጥ ነው፤ የሚወስደው ዶሮ ከሚያድነን እህል ጋር አይወዳደርም። ሦስተኛው የዱር ድመት ነው። መልኩ ከቤት ድመት ብዙም አይለይም፤ የቤት ድመት የተገኘችው ከዚሁ ወገን ስለሆነ ሁለቱ ተዳቅለው ይወልዳሉ። ደልግ አንበሳ የሚባለው ጆሮው ጫፍ ላይ ጥቁር ጠጉር ያለውም በደረቁ ቁጥቋጦ አካባቢ ይኖራል። አንበሳ ደግሞ ከሰው በራቀው ምድር ይገኛል።

እነዚህ ሁሉ በዝምድና አንድ ቤተሰብ ናቸው። ይሁን እንጂ አነር ከነብር ይሸሻል፣ የዱር ድመትም ከአነር ይርቃል። አብረው አይበሉም፣ አብረው አይተኙም። ታዲያ በሽታው ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት ይደርሳል?

ቫይረስ በር ካላገኘ አይገባም

ገንዲ በደዴሳ ሸለቆ የታወቀ የከብት በሽታ ነው፤ የሚያስተላልፈውም የቆላ ዝንብ ነው። ዝንቡ በሌለበት ደጋ ገንዲ እንደማይዛመት ማንኛውም ገበሬ ያውቃል። የዛሬው ርእሳችን ቫይረስ ግን ከገንዲ ጀርም የተለየ ነው። ቫይረስ በራሱ አይበላም፣ አይራባም፤ የሚባዛው በሕያው አካል ሴል ውስጥ ከገባ ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ሴል ገጽ ላይ የተለያዩ መቀበያዎች አሉ። ቫይረሱ መቀበያውን የሚከፍት ቁልፍ ካለው ይገባል፤ ከሌለው ዙሪያውን ዞሮ ይቀራል። አብዛኛው ቫይረስ የሚይዘው አንድ ወይም ጥቂት የእንስሳ ወገኖችን የሆነውም ስለዚህ ነው።

ነገር ግን በሩ ተዘግቶ የሚኖር አይደለም። ቫይረስ ሲባዛ ይሳሳታል፤ ከስህተቱም አንዳንዱ አዲስ ቁልፍ ይሆናል። ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው ከላይ የጠቀስነው ፓርቮ ነው። የድመት ፓርቮ ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የታወቀ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ የዚህ ቫይረስ ዘር በጥቂት ቦታ ብቻ ተለውጦ ውሻን መያዝ ቻለ። እ.ኤ.አ. በ1978 አዲስ የውሻ በሽታ ሆኖ ታወቀ፤ በሁለት ዓመት ውስጥም ዓለምን አዳረሰ። የመጀመሪያው የውሻ ዓይነት ድመትን አይዝም ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ የተተካው ዓይነት ግን ድመትንም መልሶ የሚይዝ ሆነ። ከድመት ወደ ውሻ ሄዶ፣ ከውሻ ወደ ድመት ተመለሰ ማለት ነው።

በሩ ተከፈተ ማለት ግን በሽታው ይዛመታል ማለት አይደለም። የሚገናኙበት ቦታ ያስፈልጋል፤ ከተላለፈም በኋላ የሚቀባበሉት ብዙ እንስሳት ያስፈልጋሉ። ነብር ብቻውን የሚኖር እንስሳ ነው። አንድ ነብር ታሞ ቢሞት በሽታው እዚያው ያበቃል፤ ለሌላ ነብር የማድረስ ዕድሉ ጠባብ ነው። ውሻ ግን በየቀበሌው በመቶ ይቆጠራል፤ በየዓመቱ ይወልዳል፤ ሌሊት ይዞራል፤ እርስ በርሱ ይነካከሳል። ስለዚህ ቫይረሱ ተጠብቆ የሚኖረው ብዙ ጊዜ በመንደር ውስጥ ነው፤ ወደ ጫካው የሚወጣው ከዚያ ነው። ገበሬው በሽታ ከዱር እንደሚመጣ ያስባል። በአብዛኛው የተገላቢጦሽ ነው።

የደስታ በሽታ ዘመድ

ሽማግሌዎቻችን ደስታ ብለው የሚጠሩትን የከብት በሽታ የማያውቅ የለም። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በምፅዋ በኩል ገብቶ የአገሩን ከብት ጨረሰ፤ በክፉ ቀን ለደረሰው ረሃብም ዋና ምክንያት ነበር። የዱር ጎሽም ከከብት ጋር አብሮ ያልቅ ነበር። በብዙ አገሮች ጥረትና በክትባት ኃይል በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ተረጋግጧል።

ደስታን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በውሻ ላይ የሚደርሰው ዲስተምፐር የሚባለው በሽታ የደስታ የቅርብ ዘመድ ነው፤ የሕፃናት ኩፍኝም ከዚያው ቤተሰብ ነው። ዲስተምፐር የያዘው ቡችላ ዓይኑና አፍንጫው መግል ያፈሳል፤ ያስለዋል፤ ያስቀምጠዋል፤ በመጨረሻም ይንቀጠቀጣል። አብዛኛው ገበሬ «ቡችላው አልበረከተም» ብሎ ያልፈዋል።

ቀደም ሲል ዲስተምፐር ድመትን አይነካም ተብሎ ይታሰብ ነበር። የቤት ድመት በእርግጥ ቢይዛትም አይጎዳትም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግን በአሜሪካ በአራዊት ማቆያዎች ውስጥ አንበሳና ነብር በዚህ በሽታ ሞቱ። ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ1994 በታንዛንያ በሰረንጌቲ ከነበሩት 3,000 ያህል አንበሶች ውስጥ አንድ ሦስተኛው አለቀ። በአካባቢው መንደሮች ብዙ ውሾች ስለነበሩ ምንጩ ከእነርሱ መሆኑ ተገምቷል። ጅብ በመንደሩ ቆሻሻና በዱሩ ሬሳ መካከል ስለሚመላለስ አሻጋሪ ሳይሆን አልቀረም። በዚያን ጊዜ ድርቅ ነበር። ጎሾቹ ከስተው በመዥገር ተወረሩ፤ አንበሶቹ የታመመ ጎሽ በብዛት በሉ፤ በመዥገር የሚተላለፈውም የደም ጥገኛ በሰውነታቸው በዛ። ዲስተምፐር በላዩ ሲጨመር አልቻሉትም። ከዚያ በፊትም በኋላም ቫይረሱ ያንን ያህል ሳይገድል በአንበሶቹ መካከል ማለፉ በደም ምርመራ ታውቋል። ቫይረሱ ብቻውን ሁሉንም አይወስንም ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ በሕንድ አገር በጊር ጫካ ከ20 በላይ የእስያ አንበሶች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሞቱ፤ ከሞቱት በከፊሉ ላይ ይኸው ቫይረስ ተገኝቷል።

በእኛው አገር የደረሰው የታወቀ ምሳሌ የባሌው ነው። ቀይ ቀበሮ የውሻ ወገን እንጂ ድመት አይደለም፤ መንገዱ ግን አንድ ነው። በባሌ ተራሮች በ1984 ዓ.ም. አካባቢ፣ በ1996 ዓ.ም. እና ከዚያም በኋላ በተደጋጋሚ የእብድ ውሻ በሽታ በቀይ ቀበሮዎች ላይ ወረደ፤ በመካከሉም እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ዲስተምፐር ተጨመረ። በሽታውን ያመጡት ከእረኞች ጋር ወደ ግጦሹ የሚወጡ ውሾች ናቸው። ውሾቹን መከተብና በኋላም ቀበሮዎቹን ራሳቸውን መከተብ የተጀመረው በዚሁ ምክንያት ነው።

የቀሩት ቫይረሶች ባጭሩ

የድመት ሉኪሚያ የሚባለው ቫይረስ በምራቅ ይተላለፋል፤ መላላስ፣ በአንድ ሣህን መብላትና መነካከስ መንገዶቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ፑማ የሚባሉት ትልልቅ ድመቶች በዚህ ተይዘው ሞተዋል፤ የቫይረሱ ዘር ሲመረመር ምንጩ የቤት ድመት ሆኖ ተገኘ። ፑማው የቤት ድመት አድኖ ስለሚበላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በስፔን እጅግ የተመናመነውን ሊንክስ የተባለ የዱር ድመት ወገን ያጠቃውም ይኸው ነው።

የሰው ኤችአይቪ ዘመድ የሆነ የድመት ቫይረስም አለ። አንበሳ የራሱ ዓይነት አለው፣ ፑማም የራሱ፣ የቤት ድመትም የራሷ። ብዙ ዘመን አብረው ስለኖሩ የየራሳቸው ዓይነት የዱሮቹን ብዙም አይጎዳቸውም፤ ከወገን ወደ ወገን የሚሻገረውም ከስንት አንዴ፣ ትልቁ ትንሹን ነክሶ ሲበላው ነው። ለእኛ ሥራ አያሳስብም።

የወፍ ጉንፋን ደግሞ ድመትን የሚያገኘው በሚበላው ዶሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በታይላንድ በአንድ የአራዊት ማቆያ የታመመ ዶሮ የተመገቡ ከ140 በላይ ታይገሮች ሞተዋል ወይም እንዲገደሉ ተደርጓል። የሞተ ዶሮ ለድመትና ለውሻ መወርወር በእኛ አገር የተለመደ መሆኑን ልብ ይሏል።

የእብድ ውሻ በሽታን ለብቻው እናያለን። ይህ ቫይረስ ለማንኛውም አጥቢ እንስሳ በር አለው፤ ለሰውም ጭምር። ነብርም አነርም ከተነከሰ ያብዳል፤ ግን ብዙ ሳይቆይ ስለሚሞት በሽታውን በዘላቂነት አይዘውም። የሚይዘው ውሻ ነው።

በእኛ ቀበሌ የሚገናኙባቸው ቦታዎች

ከላይ የተባለው ሁሉ ወደ አርጆ ሲመጣ በሦስት ቦታዎች ይጠቃለላል።

የመጀመሪያው የሬሳ መጣያ ነው። በሬ ሲሞት ቆዳው ይገፈፍና ሥጋው ወደ ገደል ይጣላል። በዚያው ሌሊት የቀበሌው ውሾች ይሰበሰባሉ፤ ጅብ ይመጣል፤ ቀበሮም ይመጣል፤ ከሁሉም በኋላ ነብር ሊመጣ ይችላል። በጫካ ውስጥ ፈጽሞ ጎን ለጎን የማይቆሙ እንስሳት በአንድ ሬሳ ላይ ምራቃቸውን ይቀላቅላሉ። ይህን ገበታ የዘረጋነው እኛ ነን።

ሁለተኛው የማሳ ጥበቃ ነው። በቆሎ ሲያሸት ዝንጀሮና ከርከሮ ለመከላከል ውሾች ወደ ቆላው ይወሰዳሉ። ቀን ይጠብቃሉ፤ ሌሊት በማማው ሥር ይተኛሉ ወይም ይዞራሉ። በዲስተምፐር የደከመ ውሻ መሸሽ ስለማይችል ለነብር ቀላል ሲሳይ ነው። ነብሩ ውሻውን ሲበላ ቫይረሱንም ይበላል። ከመከር በኋላም ብዙ ውሾች ባለቤት እንደሌላቸው በዚያው ይቀራሉ፤ ይህ በጣም መጥፎ ልማድ ነው።

ሦስተኛው መጋዘኑ ነው። ድመቶቹ ቀን መጋዘን ያድራሉ፣ ሌሊት በማሳው ዳር ያድናሉ፤ የዱር ድመትም ለዚያው አይጥ ይመጣል። ይጣላሉ፣ ይዳቀላሉ፣ በአንድ ቦታ ዓይነ ምድር ይጥላሉ። ሌላው ቫይረስ ፀሐይና ሳሙና ሲያገኘው ቶሎ ይሞታል፤ ፓርቮ ግን በአፈርና በወለል ላይ ለወራት፣ እስከ አንድ ዓመትም ይቆያል። በመነሻው የተጠቀሰው መጋዘን በሚቀጥለው ዓመት አዳዲስ ግልገሎች አስገብቶ እነርሱም ሞተውበታል። በወቅቱ ወለሉ የታጠበው በውኃ ብቻ ነበር።

ሊደረግ የሚገባው

ውሾችን ማስከተብ ከሁሉ ይቀድማል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከ100 ውሾች 70ውን ካገኘ በሽታው ይቆማል። በአንድ ቀበሌ 200 ውሾች ቢኖሩ 140 መከተብ አለባቸው ማለት ነው። ቆጠራውን የልማት ሠራተኛው ከማኅበሩ ጋር ሆኖ በየጎጡ ቢይዝ የወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ክትባቱን በቁጥሩ ልክ ለመጠየቅ ይችላል። የዲስተምፐር ክትባት ለገጠር ውሻ በቀላሉ አይገኝም። ቢገኝም ውሻን መከተብ ብቻውን የዱሩን በሽታ ያጠፋል ብሎ ተስፋ መስጠት አይገባም፤ በሰረንጌቲም ሆነ በሩቅ ምሥራቅ ሩሲያ ቫይረሱ ከውሻ ውጭ በሌሎች የዱር እንስሳትም ተይዞ መኖሩ ታውቋል። የእብድ ውሻው ክትባት ግን ልጆቻችንን በእርግጥ ያድናል።

ውሻን በመርዝ ሥጋ መጨረስ መፍትሔ አይደለም። የተገደለውን ውሻ ቦታ ያልተከተበ ውሻ ከጎረቤት ቀበሌ መጥቶ ይይዘዋል፤ መርዙንም አነርና የዱር ድመት ይበሉታል፤ የአይጡ ጠላት አለቀ ማለት ነው።

የሞተ ከብት ሁለት ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ጉድጓድ፣ ከምንጭና ከወንዝ ርቆ ይቀበር። ገበሬው «በሬ የሚያህል ጉድጓድ ማን ይቆፍራል?» ይላል፤ እውነቱን ነው። ስለዚህ ማኅበሩ በደቦ በበጋ አንድ ትልቅ ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ ውሻ በማይዘለው እሾህ አጥሮ ቢያቆይ ይሻላል። በድንገት የሞተና ከአፍና ከአፍንጫው ደም የሚወጣው ከብት አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል ቆዳው ፈጽሞ አይገፈፍ።

ለመጋዘን ድመት ከገበያ ሲመጣ ሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆይ። ድመቶች በተከታታይ ከሞቱ ሬሳው ይቀበር፤ ወለሉ መጀመሪያ ቆሻሻው ተጠርጎ ከታጠበ በኋላ በአንድ እጅ በረኪናና በ30 እጅ ውኃ ረጥቦ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ይቆይ። ይህ ሲደረግ እህልና ጆንያ ከመጋዘኑ መውጣት አለበት። ከሞቱ ወዲያ ግልገል ማስገባት ሳይሆን ያደገና ቢቻል የተከተበ ድመት መፈለግ ይበጃል። የአይጥ መርዝና ድመት በአንድ መጋዘን እንዳይኖሩ ሳይነገር የሚታወቅ ነው፤ ሆኖም እኛም ዘንድ ተደርጓል።

ነብር ወይም አነር በቀን ብርሃን ከመንደር ገብቶ ሰው ሳይፈራ ቢንገዳገድ፣ ቢንቀጠቀጥ ወይም ያገኘውን ሁሉ ቢነክስ በሽታ መጠርጠር አለበት። በርግጥ ያረጀና የቆሰለ ነብርም እንዲህ ሊቀርብ ይችላል። ሰው በዱላ አይክበበው፤ ለቀበሌና ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ወዲያው ይነገር። ሞቶ ቢገኝ በባዶ እጅ አይነካ፣ ቆዳውም አይገፈፍ።

ሰው በውሻም ሆነ በዱር እንስሳ ቢነከስ ወይም ምራቁ ቁስል ቢነካው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ፣ ከዚያም ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም። ጸበልና የባህል መድኃኒት የሚፈልግ ሰው ቢኖር አንከለክለውም፤ ክትባቱን ግን አስቀድሞ ይውሰድ። የነከሰው ውሻ ከታወቀ አይገደል፤ ታስሮ አሥር ቀን ይታይ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከሞተ የእንስሳት ጤና ባለሙያው ጭንቅላቱን በጓንት ቆርጦ በበረዶ አሽጎ ለምርመራ ይልካል፤ እስከዚያው ሬሳውን ከውሻና ከጅብ መጠበቅ የማኅበሩ ሥራ ነው። ለገበሬው ሲነገር «ዱኩባ ሳሬ ማራቱ» ማለት ይበቃል፤ «ራቢስ» የሚለው ቃል በአርጆ ገበያ አይታወቅም።